ልዕልቷን ፍለጋ፦ አራት ቀን በሮም

ከፊልሙ ልጀምር። ጉለሌ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ካሴት ለአንድ ሌሊት ያከራያል። የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ የህንድ ፊልም ልከራይ ሄጄ ሁሉም ወጥቷል ተባልኩ። ባለቤቱ «ይሄን ውሰድ፣ የሚፈልገው የለም» ብሎ በነጻ አንድ ካሴት ሰጠኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። «ሮማን ሆሊዴይ» ይላል።

ቅር እያለኝ ዴኩ ውስጥ ከተትኩት። እማዬ የወጥ ቤት ሥራዋን ጨርሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ አትሰማም። እኔም የምሰማው ከአራተኛ ክፍል መጽሐፍ የተረፈውን ያህል ነው፣ ግን አስተርጓሚ ሆንኩ። ያልገባኝን እየፈጠርኩ ማለት ነው።

ላላያችሁት፦ አንዲት ወጣት ልዕልት ለጉብኝት ሮም ትመጣለች። ፕሮግራም፣ ንግግር፣ ሰላምታ ይሰለቻትና ማታ ከኤምባሲው ታመልጣለች። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መንገድ ዳር ተኝታ ያገኛታል። ማን እንደሆነች ሲያውቅ ዜና ሊሠራባት ብሎ ሳይነግራት አብሯት ይውላል፤ በዋሉበት ይዋደዳሉ። መጨረሻ ላይ እሷ ወደ ኃላፊነቷ ትመለሳለች፣ እሱም ዜናውን ትቶት ብቻውን ይሄዳል። (ፊልሙ የወጣው በ1953 ነው፣ መጨረሻውን ነገርከን ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

እማዬ ታዲያ መጨረሻው ላይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ምን አለችው?» አለችኝ። አባዬ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። «ነገ ተመልሼ እመጣለሁ፣ እንጋባለን አለችው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ይሄን ታሪክ ለስንት ዓመት ቡና ላይ ለጎረቤት አወራችው። ከነሠርጉ!

አሁን ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ባለፈው መስከረም አራት ቀን ፈቃድ ሳገኝ የት ልሂድ ብዬ አላሰብኩም። የአክስቴ ልጅ ሮም አለች፣ ፊልሙም ሮም አለ።

ረቡዕ

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ የደረስኩት ከሰዓት ነው። ማደሪያዬ ለጣቢያው ቅርብ ነው፣ ግን ቁልፍ የሚሰጠኝ ሰውዬ ስልክ አያነሳም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ሲመጣ ይቅርታ እንኳ አላለም፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል አለኝና ወደ አራተኛ ፎቅ በእጁ አመለከተኝ። ልዕልቷም የመጀመሪያ ሌሊቷን የሰው ሶፋ ላይ ነው ያሳለፈችው ብዬ ተጽናንቼ ወጣሁ።

ሻንጣ አስቀምጬ ወደ ባርቤሪኒ ልሄድ ስል፣ ገና ከቴርሚኒ ሰፈር ሳልርቅ አንድ የግብጽ ድንጋይ ቆሞ አየሁ። በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለፈጃቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ነው። ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያቆሙት እዚህ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚሁ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሀር ተመልሶ ቆሟል። ድንጋዩ አካባቢ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። ፊልም ፍለጋ መጥቼ ታሪክ ቀደመኝ። ሮም ላይ ሐበሻ ሆኖ ቱሪስት ብቻ መሆን አይቻልም መሰለኝ።

ባርቤሪኒ ቤተ መንግሥት በእግር ሩቅ አይደለም። በፊልሙ የልዕልቷ ኤምባሲ እሱ ነው፤ በዕቃ መኪና ኋላ ተደብቃ ያመለጠችው በዚያ ትልቅ የብረት በር ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ሆኗል። በሩ ፊት ቆሜ ትንሽ ግር አለኝ። ለካ በልጅነቴ ሮም የምትባለው ከተማ በእውነትም ግራጫ ትመስለኝ ነበር። አሁን ግንቡ ማር የመሰለ ነው፣ ማዶ ያለው ቤት ብርቱካናማ፣ ከላዩ ያለው ሰማይ ደግሞ የሚያስቀና ሰማያዊ።

ጥቁርና ነጭ የሆነበት ምክንያት አለው። ስቱዲዮው ፊልሙ ሆሊውድ ውስጥ በሚሠራ የውሸት ሮም ይቀረጽ ብሎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ዊሊያም ዋይለር እምቢ አለ። እውነተኛዋን ከተማ አገኘ፣ ግን ገንዘቡ ተቀነሰበትና ቀለሙ ቀረ። በእኔ ሂሳብ አትርፏል።

ሐሙስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፎንታና ዲ ትሬቪ ደረስኩ። ቀድሜ መጣሁ ብዬ ስኮራ፣ ለካ መቶ ሰው ቀድሞኛል። አንዲት ሙሽራ ቬሎ ለብሳ ፎቶ ትነሳለች፣ ሌላ ሙሽራ ከኋላዋ ተራ ትጠብቃለች። ምንጩ ተሠርቶ ያለቀው በ1762 ነው፣ ያው ዝናውን የሠራለት ግን ሲኒማ ነው። ጋዜጠኛው ልዕልቷን ፎቶ ሊያነሳ ፈልጎ ካሜራ አጥቶ ከአንዲት ተማሪ አንገት ላይ ሊወስድ የሚታገለው እዚህ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ሁለቱ የዋይለር የራሱ ልጆች ናቸው። አስተማሪዋ ስትመጣ ዞር የሚልባት ነገር ሁሌም ታስቀኛለች።

ልዕልቷ ፀጉሯን የተቆረጠችው ከምንጩ ጎን ባለው መንገድ፣ በስታምፔሪያ ነው። ፀጉር ቤቱ ዛሬ ፀጉር ቤት አይደለም። መስታወቱ ላይ የራሴን ፀጉር አስተካክዬ ሄድኩ።

ከዚያ ወደ ፎረም፣ ወደ ጥንታዊቷ ሮም ፍርስራሽ። እሷን ተኝታ ያገኘባት ቦታ የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ቅስት አጠገብ ናት። ያኔ ታክሲ ሳይቀር አጠገቧ ይቆም ነበር፣ አሁን አጥሩ ውስጥ ስለሆነች ቲኬት ትጠይቃለች። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ግን ካፒቶሊኖ ኮረብታ ላይ ውጡና ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ወደ ታች ተመልከቱ። ቅስቱ እግራችሁ ሥር ነው፣ በነጻ። ኮሎሲየምን በሩቁ አይቼ አለፍኩት፤ ሰልፉ ራሱ ታሪካዊ ቅርስ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ መጣች። አንዲት ዘጠና የተጠጉ አሮጊት ቤት ውስጥ ትንከባከባለች፣ እዚያው ነው የምታድረውም። እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሮም ላይ አስራ አንድ ዓመት ኖራለች፤ ቦካ ዴላ ቬሪታን፣ ያን የእውነት አፍ የሚባለውን፣ አይታ አታውቅም። «ለማን ብዬ ነው ለድንጋይ የምሰለፈው?» ትላለች። ተሰለፈች ግን።

ነገሩ የሰው ፊት የተቀረጸበት፣ ከእኔ ቁመት የማይተናነስ ክብ እብነ በረድ ነው፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን የሚባል ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ቆሟል። ድሮ የፍሳሽ ክዳን ሳይሆን አይቀርም የሚሉም አሉ። ውሸታም እጁን አፉ ውስጥ ከከተተ ይቆረጥበታል ይባላል። በፊልሙ ጋዜጠኛው እጁን ከትቶ ይጮሃል፣ ሲያወጣው ኮቱ እጅጌ ውስጥ እጅ የለም። ጋዜጠኛውን የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ነው። ልዕልቷን ለምትጫወተው ለኦድሪ ሄፕበርን አልተነገራትም ነበርና ያ ጩኸቷ የምር ነው።

ሰልፉ ረጅም ስለነበር ወሬ አበዛሁ። በዚህ ፊልም ውስጥ የማይዋሽ የለም፣ አልኳት። ልዕልቷ በሐሰት ስም ትዋሻለች፣ ጋዜጠኛው በሥራው ይዋሻል፣ ጓደኛው ካሜራውን የሲጋራ መለኮሻ አስመስሎ ፎቶ ያነሳታል። ከፊልሙ ውጪም ውሸት አለ። ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ ነው። ያኔ አሜሪካ ኮሚኒስት ናችሁ እያለች ደራሲ ከሥራ የምታግድበት ጊዜ ስለነበር ስሙን መጻፍ አልቻለም። አንድ ጓደኛው ስሙን አዋሰው፣ ኦስካሩንም ጓደኛው ተቀበለ። ለትራምቦ የተሰጠው በ1993 ነው፣ ከሞተ አስራ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ።

«አንተስ?» አለችኝ። «ምን ዋሽተህ ታውቃለህ?»

ተራችን ደርሶ ነበር። እጄን ድንጋዩ ውስጥ እንደከተትኩ ስለ ካሴቱና ስለ ሠርጉ ነገርኳት። ሳቋ አላቆም አለ፣ ፎቶ አንሺ ሆና ስልኬን ልትጥለው ነበር። «አክስቴን? አክስቴን ነው የዋሸኸው? እኔም እኮ ያን ታሪክ እሷው ናት የነገረችኝ! ልዕልቷ አግብታው ሁለት ልጅ ወለደች ብላ!» ልጆቹን እኔ አልጨመርኩም፣ እምላለሁ። «ወይ አንተ ደውለህ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እደውላለሁ» አለች። ከኋላችን ያሉት መነጫነጭ ሲጀምሩ ወጣን። እጄ ደህና ነው።

ከዚያ በእግር ሰርከስ ማክሲመስን፣ የጥንቱን የሠረገላ መሽቀዳደሚያ፣ ጥግ ጥጉን ይዘን ሄድን። ዛሬ ሣር የበቀለበት ረጅም ሜዳ ነው፣ ሰው ውሻ ያናፍስበታል። መጨረሻው ላይ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። የአክስቴ ልጅ ቆም አለችና «አሮጊቷ እዚህ በመኪና ባለፍን ቁጥር 'የእናንተ ድንጋይ እዚህ ነበር' ትለኛለች» አለችኝ።

የአክሱም ሐውልት ማለቷ ነው። በ1937 ወስደው እዚህ ተከሉት። 24 ሜትር። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንጻ ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው፣ አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መቀመጫ ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በአስራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ ተስማምታ ፈርማለች። ሐውልቱ የተነቀለው በ2003 ነው። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ።

ቆሜ ሳሰላው ነው የደነገጥኩት። ፊልሙ የተቀረጸው በ1952 በጋ ነው። ኦድሪ እዚያ ማዶ እጁ ተቆረጠ ብላ ስትጮህ ሐውልታችን ከሜዳው ወዲህ ቆሞ ነበር። መመለስ ከነበረበት ሦስት ዓመት አልፎታል። ይሄን ፊልም ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ቦታው ላይ መኪና ይተራመሳል። የአክስቴ ልጅ «የዋሸ እጁ ይቆረጣል ሲሉ ለራሳቸውም ነው?» አለችና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። አሮጊቷን እራት ማብላት አለባት።

ዓርብ

ብቻዬን ነበርኩ። ዝናብ ቢጤም ነበር።

ስፓኒሽ ስቴፕስ፣ 135 ደረጃ። ልዕልቷ ጄላቶዋን እየላሰች የተቀመጠችበት ነው። እኔም ጄላቶ ገዝቼ ልክ ቁጭ ስል ፊሽካ ተነፋብኝ። ከ2019 ጀምሮ ደረጃው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ፖሊሷ ፈገግ ብላ በጣቷ ተነስ አለችኝ። ቆሜ በላሁ። ቆሞ የተበላ ጄላቶ ልዕልት አያደርግም፣ እጅ ላይ ይፈሳል እንጂ። ቀና ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት አየሁ፤ ያን ትዕይንት ለመቅረጽ ብዙ ሰዓት ስለፈጀባቸው ከኋላ የሚታየው ሰዓት ከሾት ሾት ይለያያል። አንዴ ካወቃችሁ በኋላ ዓይናችሁ ከእሱ አይነቀልም፣ ስላበላሸሁባችሁ ይቅርታ።

ቪያ ማርጉታ ከዚያ አምስት ደቂቃ ነው። ከአራቱ ቀን ሁሉ የወደድኩት መንገድ እሱ ነው። ጠባብ፣ ጸጥ ያለ፣ ሐረግ ግንቡን የወጣበት፣ የሥዕል ቤት የበዛበት። ቁጥር 51 የጋዜጠኛው ቤት ነው። የግል ግቢ ስለሆነ ሰው ዝም ብሎ አይገባም፣ እኔ ስደርስ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንገቴን አስገባሁ። ግቢ፣ አበባ፣ ብስክሌት። ጥበቃው ወጣና አየኝ። ጣሊያንኛ አልችልም፣ «ኦድሪ» ብቻ አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ፤ በቀን ስንት «ኦድሪ» የሚለው ሰው እንደሚመጣበት ፊቱ ላይ ይነበባል። ሁለት ደቂቃ ቆምኩ። ፎቶ አላነሳሁም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እዚሁ መንገድ ላይ ቁጥር 110 የፊልም ዳይሬክተሩ ፌዴሪኮ ፌሊኒ የኖረበት ነው፣ በሩ ላይ ጽሑፍ አለው።

ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጋ፣ ልዕልቷና ጋዜጠኛው የተቀመጡበት ካፌ ዛሬ የለም። ፓንቴዮን ራሱ ከ2023 ጀምሮ በክፍያ ሆኗል። አለፍኩ።

ማታ ላይ ካስቴል ሳንታንጄሎ፣ ወንዝ ዳር ያለው የድሮ ምሽግ። ከሥሩ ወንዙ ላይ ነው በጀልባ ዳንስ ቤት ሲደንሱ የቆዩት፤ ከልዕልቷ አገር የመጡት ሰላዮች ሊወስዷት ሲሉ ጸብ ተነስቶ እሷ አንዱን በጊታር ጭንቅላቱን የምትለው። ደረጃውን ወርጄ ወንዙ ዳር ሄድኩ። ጀልባ የለም፣ ዳንስ የለም፣ አንድ ልጅ በሩጫ አለፈኝ። ቲቤር ውሃው የሻይ ወተት ይመስላል። ፊልሙ ላይ ዘለው የገቡበትን ውሃ ሳየው ለኦድሪ አዘንኩላት። ያኔ 23 ዓመቷ ነበር፣ በሆሊውድ ዋና ተዋናይ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነው። ፔክ ቀረጻው ላይ እያለ ወኪሉን ጠርቶ ስሟን ከእኔ ስም እኩል ከላይ ጻፉት ብሏል፤ ኦስካር ትወስዳለች ስላለ። ወሰደች።

ቅዳሜ

ኮሎና ቤተ መንግሥት የቤተሰብ ቤት ነው፣ ለሕዝብ የሚከፈተው በአብዛኛው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጉዞዬን በሙሉ የሠራሁት በዚህ ቀን ዙሪያ ነበር። መግቢያው ቪያ ዴላ ፒሎታ ላይ፣ በአንዲት የማታስታውቅ በር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ።

ትልቁ አዳራሽ የፊልሙ መጨረሻ ነው። ልዕልቷ ተመልሳ ለጋዜጠኞች መግለጫ የምትሰጥበት፣ እሱ ከገመዱ ወዲህ ከጋዜጠኞቹ ጋር የቆመበት፣ ሁለቱም የማይተዋወቁ መስለው በዓይን ብቻ የሚያወሩበት። ወርቅ፣ መስታወት፣ ከላይ ጣሪያው ላይ የሌፓንቶ የባህር ጦርነት ሥዕል። ደረጃው ላይ አንድ የመድፍ ጥይት ተቀምጧል፣ በ1849 ፈረንሳዮች ሮምን ሲደበድቡ ገብቶ እዚያው የቀረ። ማንም አላነሳውም። ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ከጎበኟቸው ከተሞች የትኛውን ወደዱ ሲሏት ልዕልቷ መጀመሪያ የተጻፈላትን ትጀምርና መሃል ላይ ትተዋለች። ሮም ትላለች። ያኔ ለእማዬ በትክክል የተረጎምኩላት ምናልባት እሷን ቃል ብቻ ነው።

ማዳመጫዬን ሰክቼ በቪዲዮ ደወልኩ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ያቺ ልዕልት... የዚያን ጊዜ፣ ካሴቱ...»

«ኦድሪ?»

ስሟን ማወቋ ገረመኝ።

«እሷ እኮ እኛም አገር መጥታ ነበር፣ በደርግ ጊዜ፣ ለዩኒሴፍ። መቀሌ ያሉትን ልጆች ልታይ።» እውነቷን ነው፤ መጋቢት 1988፣ የመጀመሪያ ጉዞዋ ነበር። «ምን ሆነች?»

«እንጋባለን አላለችውም። ዋሽቼሽ ነው። ተለያይተው ነው የቀሩት።»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

«አንተ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም እንጂ ዓይን የለኝም? ሰውዬው እጁን ኪሱ ከትቶ ብቻውን ሲወጣ አላየሁም? ሊያገባ ያለ ሰው እንደዚያ ይሄዳል?»

«ታዲያ ለጎረቤት ሁሉ ሠርግ...»

«ምን ላድርግ፣ ቡና ላይ ሐዘን ላውራ? አንተስ ለምን ብለህ ነው ያልከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ጠባቂዋ አየችኝ፣ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አዳራሹ ያ ነው?» አለች። ስልኩን አዞርኩላት። ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ ልዕልቷ የቆመችበትን አሳየኋት። «እሱ የሄደበት እስከየት ነው?» እስከ በሩ ነው አልኳት። «በል ሂድ እስኪ፣ ልየው።»

ስልኩን ወደ ፊት አዙሬ መሄድ ጀመርኩ። አዳራሹ ረጅም ነው፣ ወለሉ ላይ ጫማዬ ይንጫጫል፣ ሰው ያየኛል። ፈጠን አልኩ።

«ቀስ በል እንጂ» አለችኝ በጆሮዬ። «እሱ እንደዚህ አልሮጠም።»